ማንም የማይሰማቸው አራት ጎማዎች

ከላስ ቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚወስደው ኢንተርስቴት 15 ላይ ከባድ መኪና የምንነዳ ሰዎች የብርዱን መግባት የምናውቀው በሞተርሆሞቹ ነው። ከሞንታና፣ ከሚኒሶታ፣ ከካናዳም ጭምር የተነሡ ጡረተኞች አውቶቡስ የሚያህል ቤታቸውን እየነዱ ወደ አሪዞና በረሃ ይወርዳሉ። ከብዙዎቹ ኋላ አንዲት ትንሽ መኪና አለች፤ ብዙውን ጊዜ ጂፕ፣ ካልሆነም ሆንዳ። በብረት ማያያዣ ተቆልፋ፣ በገዛ አራት ጎማዎቿ እየተሽከረከረች ትከተላለች። ትልቁ ቤት ካምፕ ላይ ከቆመ በኋላ ለገበያውም ለሐኪም ቤቱም የምትሮጠው እሷ ናት። በጉዞ ላይ ግን ሹፌር የላትም። መሪዋ በባዶው ወንበር ፊት ብቻውን ይዞራል።

መንገድ ላይ ከማያቸው ተሽከርካሪዎች ሁሉ የዚህችን ያህል የሚያሳስበኝ የለም። የኔ መኪና አንድ ጎማ ቢነካው በወንበሩ፣ በመሪው ወይም በድምፁ ይነግረኛል። እሷ ግን የምትነግረው ሰው ውስጧ የለም።

*

"ጋሼ፣ የኋላዋ እኮ ሞተሯ ጠፍቷል፤ ጎማዋ ምን ይሆናል?" አለኝ ያገለገለ ሞተርሆም የገዛ የወዳጄ ልጅ። ብዙ ሰው እንደሱ ያስባል። ሞተሩ ሲጠፋ መኪናው ያረፈ ይመስላል። ጎማ ግን ሞተሩ ይነሣ አይነሣ ጉዳዩ አይደለም። እሱ የሚያውቀው የተጫነበትን ክብደት፣ የሚሽከረከርበትን ፍጥነትና ውስጡ ያለውን ንፋስ ነው። መኪናዋ 500 ማይል ከተጎተተች ጎማዋ 500 ማይል ሄዷል፤ አለቀ።

ያ ርቀት ግን የትም ላይጻፍ ይችላል። በብዙ መኪኖች ቁልፉ ከጠፋ የርቀት ቆጣሪው አይቆጥርም። ባለቤቱ ዳሽቦርዱን አይቶ "ጎማ የማዟዟሪያው ጊዜ ገና ነው" ይላል፤ የፊት ጎማዎቹ ግን በየኩርባው እየተፋተጉ ጠርዛቸው ተበልቷል። ያገለገለ ጂፕ ወይም ሆንዳ ሲአርቪ ለምትገዙ ወገኖቼ በዚሁ ልንገራችሁ፦ ከፊት ባምፐሩ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የመጎተቻ ብረት ማሠሪያ፣ ወይም እሱ ተነቅሎ የቀረ የቡሎን ቀዳዳ ካገኛችሁ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ።

*

ነገሩ የሚጀምረው በጥቂቱ ነው። አንድ ምስማር ይበቃል፤ ያረጀ ቫልቭም ይበቃል። ንፋሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ንፋስ የጎደለው ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ጎኑ ታጥፎ ይዘረጋል፤ በ60 ማይል ፍጥነት ይህ በደቂቃ ከ600 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ ደግሞ ላስቲኩን ከውስጥ ይፈጨዋል። ከዚያ ጎኑ ይቀደዳል፣ ላስቲኩ ተቆራርጦ ይበተናል፣ ቸርኬው አስፋልት ላይ ይወርዳል።

ከፊት ያለው ሹፌር ይህ ሁሉ ሲሆን አያውቅም። ትልቁ የናፍጣ ሞተርሆም ብቻውን 13 ቶን ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ ጂፗ ከ2 ቶን ብዙም አትርቅም። አንድ ጎማ ፈርሶ የጨመረውን መጎተት ያ ሞተር ከቁም ነገር አይቆጥረውም። መሪው አይንቀጠቀጥም። ድምፁ ከሹፌሩ ጀርባ 12 ሜትር ርቆ፣ በሞተሩ ጩኸት ተውጦ ይቀራል። የኋላ ካሜራ ያላቸውም ቢሆኑ የሚያዩት የተጎታቿን ኮፈንና መስተዋት ነው እንጂ የኋላ ጎማዎቿን አይደለም።

ቤከር ከምትባለው የበረሃ ከተማ አለፍ ብሎ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ሞተርሆም አይቼ መኪናዬን አቁሜ ነበር። የጂፗ የኋላ ቀኝ ጎማ ከነጭራሹ የለም። ቸርኬው ላይ የቀረው እንደ ቀለበት የተጠቀለለ የሽቦ ጠርዝ ብቻ ነው። የአልሙኒየሙ ከንፈር ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል፤ ስነካው ገና ይፋጃል። የተቆራረጠው ላስቲክ እየተወናጨፈ ፓራፋንጎውን ቀዶ የፍሬን ዘይት ቱቦውን በጥሶታል። ከኋላው አስፋልቱ ላይ የተሠመረው ነጭ ጭረት የት እንደጀመረ ከቆምንበት አይታይም ነበር። አዛውንቱ ሹፌር ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭረቱን ቁልቁል ይመለከታሉ። ሰዎች መብራት እያበሩና ክላክስ እየነፉ አልፈዋቸው ነበር። ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አውለብልበው አጸፋውን እንደመለሱ ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ መብራት ብቻ አብርቼ አላልፍም። ሹፌሩ ፊቴን እስኪያይ ጎን ለጎን እሄድና ደጋግሜ ወደ ኋላው እጠቁመዋለሁ።

*

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 2018 ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዊስኪታውን አጠገብ በሀይዌይ 299 ላይ አንድ ተሳቢ ጎማው ተነፈሰ። ቸርኬው አስፋልቱን ፈጨው፤ ብልጭታው ከመንገዱ ዳር ወዳለው ደረቅ ሣር ገባ። ካር ፋየር የሚባለው እሳት የተነሣው እንዲህ ነው። ከ3 ቀን በኋላ እሳቱ ወደ ሬዲንግ ከተማ ሲገባ ራሱ አውሎ ንፋስ ፈጠረ፤ ነፋሱ በሰዓት እስከ 143 ማይል እንደደረሰ ተገምቷል። ቃጠሎው በቁጥጥር ሥር የዋለው ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው። 8 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ ውስጥ እሳቱን ሊያጠፉ የወጡ ሰዎች ይገኙበታል። ከ1,600 በላይ ቤቶችና ሌሎች ግንባታዎች ወድመዋል። የተቃጠለው መሬት 230 ሺህ ኤከር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ተሳቢውን ይጎትቱ የነበሩት በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ክፉ አላሰቡም፣ አልሰከሩም፣ በፍጥነትም አላበዱም። ጎማ ነው የተነፈሰባቸው። ሚስትየው ራሳቸውን እየወቀሱ ቀንና ሌሊት ያለቅሱ እንደነበር ሲሰማ፣ ብዙ ሰዎች "ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም" የሚል ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ጭምር እንዲህ ማለታቸው ልቤን ነክቶታል። እኔም በሴትየዋ ላይ ለመፍረድ አልቃጣም። የዚያን ዕለት ጎማው ምን እንደነካውም አላውቅም። ስለ ጎማ ግን "ቢበዛ መከላከያ ይገነጥላል" ብሎ የሚያቃልል ሰው ሲገጥመኝ የምነግረው ይህንኑ ነው። በበጋ፣ ሣሩ በደረቀበት አገር፣ የሚጎተት ቸርኬ የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

*

የአሜሪካ መኪኖች የጎማ ንፋስ ሲጎድል መብራት የሚያበሩት ሰው ስለሞተ ነው። በ2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ ጠራ። አብዛኞቹ የተገጠሙት ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር፤ ከጎማዎቹ መላቀቅ ጋር ተያይዞ የሞተው ሰው ከ200 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሕግ ወጣ። ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ የተሠሩ፣ ከ10,000 ፓውንድ ያልበለጡ መኪኖች ሁሉ የንፋስ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ንፋሱ ከሚገባው 25 በመቶ ሲጎድል መብራቱ ይበራል።

እንግዲህ ሕጉን ከተጎታቿ ጋር አስተያዩት። ትልቁ ሞተርሆም ከ10,000 ፓውንድ ስለሚበልጥ ግዴታው አይመለከተውም። ትንሿ መኪና መቆጣጠሪያ አላት፤ መብራቱ ግን የሚበራው ማንም በሌለበት ወንበር ፊት ነው። ቁልፏ ከጠፋማ ጨርሶ ላይበራ ይችላል።

ስለዚህ መሣሪያውን ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል። በየቫልቩ ጫፍ ላይ እንደ ክዳን የሚጠብቁ ትንንሽ ሴንሰሮች አሉ፤ ለሞተርሆሙ 6 ወይም 8፣ ለተጎታቿ 4። የንፋሱን መጠንና ሙቀቱን ሹፌሩ ፊት ባለች ትንሽ ስክሪን ላይ ያሳያሉ። በመካከሉ ያለው ርቀት ረጅም ስለሆነ ምልክቱን ተቀብሎ የሚያቀብል ሌላ መሣሪያ ከሞተርሆሙ ኋላ ይገጠማል። እሱ ከሌለ የኋላዎቹ 4 ጎማዎች ከስክሪኑ ላይ ብቅ ጥልቅ እያሉ ሹፌሩን ያሰለቹታል፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ድምፁን ያጠፋዋል። ሴንሰሩ ክብደት አለው፤ የላስቲክ ቫልቭ ላይ ሲንጠለጠል በሽክርክሪቱ እየተወዛወዘ ሥሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። የብረት ቫልቭ ማስገጠም ብዙ ወጪ አይደለም። ባትሪውም ያልቃል፤ በየዓመቱ መቀየር ነው። ጠቅላላው ዋጋ ከአንድ የሞተርሆም ጎማ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ለምን የሞተርሆም ሻጩ ከቁልፉ ጋር አብሮ እንደማያስረክበው እስካሁን አልገባኝም።

*

አንዳንዱ ጎማ የሚሞተው ጉዞው ሳይጀመር ነው። ትራክ ስቶፕ ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ማያያዣውን ቆልፈው፣ የመብራት ገመዱን ሰክተው፣ መጠባበቂያ ሰንሰለቱን አጠላልፈው ሲነሡ አየሁ። የተጎታቿ የእጅ ፍሬን አልተለቀቀም ነበር። የኋላ ጎማዎቿ ሳይዞሩ ተጎተቱ፤ ከሥራቸው ነጭ ጭስ ተነሣ። ደግነቱ ጮኸን አስቆምናቸው። ጎማው መሬት የነካበት ቦታ ተፍቆ ሜዳ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጎማ ከዚያ በኋላ በዞረ ቁጥር ያንኳኳል እንጂ አይድንም።

መፈተሽ ያለበት ብዙ አይደለም። የመሪው ቁልፍ ተከፍቷል? ካልተከፈተ የፊት ጎማዎቹ በኩርባ ላይ በጎናቸው ይጎተታሉ። ማርሹ አምራቹ በሚያዘው መንገድ ዜሮ ላይ ነው? ጂፕ ራንግለር ለዚህ የተመረጠችው ጎማዎቿን ከካምቢዮው የሚለያይ ዜሮ ስላላት ነው፤ ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዱ አራቱም ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ከተጎተተ ካምቢዮው ይቃጠላል። የእጅ ፍሬኑ ወርዷል? ተጎታቿ ውስጥ የፍሬን ፔዳሏን የሚረግጥ መሣሪያ ካለ፣ ያለቦታው ረግጦ እንዳልቀረስ?

ከዚህ ሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ከአንዲት አሮጊት ያየሁትን ነው። ባለቤታቸው ሞተርሆሙን በእግር መንገድ ፍጥነት 50 ሜትር ያህል ሲያንቀሳቅሱ፣ እሳቸው ጎን ለጎን እየሄዱ የተጎታቿን 4 ጎማዎች በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥራሉ። አራቱም ሲዞሩ አውራ ጣታቸውን ያነሣሉ። ከዚያ በሌላው በኩል ዞረው እንደገና ያያሉ። ወደ መኪናው የሚገቡት ይህን ጨርሰው ነው።

*

በዚህ ዓይነት የታሠረ መኪና ይዞ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። የፊት ጎማዎቹ በጎናቸው ይቆለመማሉ፣ ማያያዣው ብረት ይጣመማል። ጠባብ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣ ሰው መፍታት አለበት፤ ቢዘንብም፣ ከኋላው ወረፋ ቢኖርም።

*

ሰው ጎማ ክብደት የሚሸከም ይመስለዋል። የሚሸከመው ንፋሱ ነው፤ ጎማው የንፋሱ መያዣ ነው። ስለዚህ "ስንት ልሙላ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሚዛን ነው። ጎማ አምራቾች ለየክብደቱ ስንት ንፋስ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ሠንጠረዡን ለመጠቀም ግን እያንዳንዱ አክስል ስንት እንደሚመዝን ማወቅ ያሻል። እኛ የጭነት ሹፌሮች ሳንመዘን የማንሄድበት የትራክ ስቶፕ ሚዛን ለሞተርሆምም ክፍት ነው፤ የፊቱን አክስል፣ የኋላውንና ተጎታቿን ለየብቻ መዝኖ ወረቀት ይሰጣል፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

በሚዛኑ ላይ ሞተርሆም የማየው ከስንት አንዴ ነው። 100 ጋሎን ውሃ ብቻውን 380 ኪሎ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ነዳጁ፣ መጽሐፉ፣ የሰውየው የሥራ ዕቃ፣ የሴትየዋ የስፌት መኪና። አንዱ ጎን ከሌላው ጎን እኩል ላይከብድም ይችላል፤ ማዕድ ቤቱ ያለበት ጎን ብዙ ጊዜ ይጫነዋል።

ለትንሿ መኪና ነገሩ ቀላል ነው። የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሶሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቁጥሩን ይነግራል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው፤ ያንን አይቶ የሚሞላ ሰው ስንት አለ!

*

ጉድይር የተባለው ኩባንያ ጂ159 የሚል ስም የሰጠው ጎማ ነበረው። የተሠራው ከ1996 እስከ 2003 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ከተማ ውስጥ ዕቃ ለሚያድሉ፣ ቆም ሄድ ለሚሉ መኪኖች ነበር፤ ከዚያ በፍሪዌይ ፍጥነት ረጅም መንገድ በሚሄዱ ሞተርሆሞች ላይም ተገጠመ። ጎማው ጋለ፣ ተላቀቀ፣ ሞተርሆሞች ተገለበጡ። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ1998 እስከ 2015 ከዚህ ጎማ ጋር ያያያዘው 8 ሞትና 69 ጉዳት ነው።

ለምን ያን ያህል ጊዜ ወሰደ? ተጎጂዎች ሲከስሱ ጉዳዩ በስምምነት እየተዘጋ ማስረጃው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይታሸግ ስለነበር ነው። ሞተርሆማቸው የተገለበጠባቸው አንድ ቤተሰብ የጎማው የሙቀት ሙከራ ውጤት እንዳልተሰጣቸው ያወቁት ከኩባንያው ጋር ከተስማሙ በኋላ ነው። ዳኛዋ ኩባንያው 2.7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 የገንዘቡ መጠን እንደገና እንዲሰላ ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱ ምርመራ የከፈተውም ከዚህ በኋላ ነው። ኩባንያው ጎማው ጉድለት አለበት ሳይል፣ 173 ሺህ ያህሉ እንዲመለሱ በ2022 ጠራ። የመጨረሻው ጂ159 ከተሠራ 19 ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው።

የሞቱት ሰዎች ጎማቸውን ቢመለከቱት ኖሮ ምንም አያዩበትም ነበር። አዲስ፣ ጥቁር፣ ጥርሱ የሞላ ጎማ ነው። ለዚህ ነው የጎማ ጉዳይ በባለቤቱ ጥንቃቄ ብቻ ያልቃል ሲባል የማልቀበለው። ሙከራውን የሚያውቅ መናገር አለበት፤ ማስረጃውም መታሸግ የለበትም።

*

የጭነት መኪና ጎማ ጥርሱ አልቆ ይጣላል። የሞተርሆም ጎማ ግን ጥርሱ ሳይነካ ያረጃል። በዓመት ብዙውን ወር ቆሞ ነው የሚያሳልፈው፤ ፀሐይና ኦዞን ጎኑን ያደርቁታል፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታዩበታል። ዕድሜው ጎኑ ላይ ተጽፏል። ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራት አሐዞች ተመልከቱ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ጽሑፍ ያለው ወደ ውስጥ በዞረው ጎን ነው፤ በመኪናው ሥር ገብቶ ማየት ነው። ሚሽሊን ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ቢበዛ በ10 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ሞተርሆም ሲሸጥ "ብዙ አልተነዳም" የሚለው ለሞተሩ መልካም ዜና ነው፤ ለጎማው ግን ያን ያህል አይደለም።

*

ቤከር ላይ 134 ጫማ ቁመት ያለው የሙቀት መለኪያ ቆሟል። ቁመቱ በ1913 ዴዝ ቫሊ ላይ የተመዘገበውን 134 ዲግሪ ፋራናይት ለማስታወስ ነው። በበጋ ከሥሩ ስታልፉ 110ን የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ አስፋልቱ ከዚያም ይብሳል። በዚህ ሙቀት የጎማ ንፋስ ይጨምራል፤ በየ10 ዲግሪ ፋራናይቱ ለትንሽ መኪና 1 ፒኤስአይ፣ ለሞተርሆም 2 ያህል። ይህንን አይቶ ደንግጦ ንፋስ የሚያስወጣ ሰው ትልቅ ስሕተት ይሠራል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማው ጎድሎ ያድራል። መለካት ያለበት ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ሳይመታው፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ።

ፍጥነቱም አለ። ከኔቫዳ ወደ ካሊፎርኒያ ሲገባ ማናቸውንም ነገር የሚጎትት ተሽከርካሪ የፍጥነት ጣሪያው 55 ማይል ነው። እኛን ፖሊስ ስለሚያስቆመን እናከብረዋለን። ሞተርሆሞቹ ግን በ70 ጥለውን ያልፋሉ፤ ብዙዎቹ ሕጉ እነሱንም እንደሚጨምር የሚያውቁ አይመስለኝም። መኪናቸውን የፊት ሁለት ጎማዎቿን ትንሽ ጋሪ ላይ አውጥተው የሚጎትቱት ደግሞ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው። የጋሪው ጎማዎች ትንንሽ ስለሆኑ ቶሎ ቶሎ ይዞራሉ፤ ኤስቲ የሚል ጽሑፍ ካላቸውም አንዳንዶቹ የተሠሩት ቢበዛ ለ65 ማይል ነው። የጋሪው ማሠሪያ ቀበቶም ጥቂት ማይል ከተሄደ በኋላ ጎማው ስለሚደላደል ይላላል። ቆሞ እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው።

*

በጅቡቲ መንገድ፣ አዋሽን አልፎ ወደ ሚሌ በሚወርደው ሙቀት ውስጥ የሚነዳ የአገራችን ሹፌር ረዳት አለው። መኪናው በቆመ ቁጥር ረዳቱ ብረት ወይም ዱላ ይዞ ይወርዳል፤ የዋናውንም የተሳቢውንም ጎማዎች አንድ በአንድ እየመታ ይዞራል። በተለይ ከድርቦቹ የውስጠኛውን። ውስጠኛው ቢተነፍስ ውጪኛው ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው ከውጭ አይታይም፤ የሁለቱን ጭነት ብቻውን ተሸክሞ ግን ብዙ አይሄድም። ረዳቱ በድምፁ ያውቀዋል። ድምፁ የሞተውን ጎማ ያሳያል፤ ንፋሱ 110 ፒኤስአይ መሆን ሲገባው 80 የሆነ ጎማ ግን አያሳይም። እሱን የሚያሳየው መለኪያ ነው።

እዚህ አገር ረዳት የለም። በቆምኩ ቁጥር የምዞረው ራሴ ነኝ፤ መዳፌን ከጎማው አጠገብ አቅርቤ ሙቀቱን አያለሁ። ብዙ ዋጋ የማያወጣ፣ ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ከመዳፍ ይሻላል። አንድ ጎማ ስንት እንደጋለ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ከጎረቤቶቹ ሲለይ ግን አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ንፋስ ጎድሏል፣ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይ ኩሽኔታው እያለቀ ነው።

ንፋሱ ከ20 በመቶ በላይ ጎድሎ ብዙ የሄደ የከባድ መኪና ጎማ ከተገኘ ደግሞ ዝም ብሎ መሙላት አይገባም። በጎኑ ያሉት የብረት ክሮች በመታጠፍ ብዛት ዝለው ሊሆን ይችላል፤ ንፋስ ሲገባበት ጎኑ ተተርትሮ ይፈነዳል። ፍንዳታው ጎሚስታ ገድሎ ያውቃል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ሕግ ጎማው በብረት ቀፎ ውስጥ ሆኖ እንዲሞላ የሚያዘው።

*

የሞተርሆሙ የፊት ጎማ በጉዞ ላይ ቢፈነዳ፣ እግር በደመ ነፍስ የሚሄደው ወደ ፍሬን ነው። መሆን የለበትም። መጀመሪያ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጁን ባለበት ማቆየት፣ እንዲያውም ለአፍታ ጨመር ማድረግ፤ መኪናው ቀጥ ሲል ቀስ በቀስ መልቀቅ። ፍሬን ከተረገጠ ክብደቱ ሁሉ በፈነዳው ጎማ ላይ ይወርድና ወደዚያው ይስባል።

*

የኔ ዓይነቱ ሹፌር ከመነሣቱ በፊት ጎማውን እንዲያይ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። የፊት ጎማው ጥርስ ከ4/32 ኢንች፣ የሌሎቹ ከ2/32 ቢያንስ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። ያንኑ የሚያህል መኪና ለራሱ ሽርሽር የሚነዳ ሰው ግን በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳዋል። ካሊፎርኒያ ከ40 ጫማ በላይ ለሆነ፣ ቴክሳስ ከ26,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ከፍ ያለ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በኔ አስተያየት ሌሎቹም ቢያንስ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሊጠይቁ ይገባል፤ ንፋስ መለካት፣ መመዘን፣ ማሠርና መፍታት።

*

ጎማው ከተነፈሰ በኋላ ያለው ሰዓት ከፍንዳታው የማይተናነስ አደጋ አለው። በ50ዎቹም ክፍለ ግዛቶች መንገድ ዳር ለቆመ የድንገተኛ አደጋ መኪና መስመር መልቀቅ ወይም ፍጥነት መቀነስ ሕግ ነው፤ ሁሉም ግን አያከብረውም። ሰዎች ከትራፊኩ ርቀው፣ ከብረት አጥሩ ማዶ ይቁሙ። የትራፊኩ ጎን ጎማ ከሆነ የተነፈሰው፣ ቦታው ጠባብ ከሆነም፣ ክሪክ ይዞ ከመጎንበስ እርዳታ መጥራት ይሻላል።

ስኮርታ አለ ብሎ መተማመንም አይቻልም። ብዙ ትልልቅ ሞተርሆሞች ስኮርታ ሳይኖራቸው ነው የሚሸጡት፤ ብዙ አዳዲስ ትንንሽ መኪኖችም ከስኮርታ ይልቅ የንፋስ መሙያና የማጣበቂያ ጠርሙስ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ያ አይረዳም። ስልክ የሚቀበለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የጎማውን ልክ ነው። ከነበረው ጎማ የቀረው የሽቦ ቀለበት ብቻ ከሆነ ከየት ይነበባል? የሞተርሆሙንም፣ የተጎታቿንም፣ ጋሪ ካለ የጋሪውንም የጎማ ልክ ወረቀት ላይ ጽፎ ከመድን ደብተሩ ጋር ማስቀመጥ ነው። የቸርኬ ቡሎኖቿ ልዩ መፍቻ የሚፈልጉ ከሆነ መፍቻው ከተጎታቿ ኋላ ሳይሆን ሞተርሆሙ ውስጥ ይቀመጥ።